ሁለቱ ሲቆሙ ሦስተኛው የት ሄደ?
ስለ «ተቃውሞ» ቃልና ስለ ግጥሞቻችን

በዚህች በስቴንስል እየተባዛች ከእጅ ወደ እጅ በምትዞር መጽሔታችን ውስጥ ከ«ፍቅር» ቀጥሎ አብዝቶ የሚደክም ቃል ቢኖር «ተቃውሞ» ነው። ገጣሚው ይቃወማል፤ አጭር ልብ ወለድ ጸሐፊው ይቃወማል፤ ርእሰ አንቀጹም ይቃወማል። አንዳንዱ ግጥም ማን ማንን እንደሚቃወም ሳይነግረን በሦስት ቃለ አጋኖ ይዘጋል። መቃወሙ አይደለም የሚያስከፋኝ። ወጣት ካልተቃወመ ማን ሊቃወም ነው? የሚያስከፋኝ ቃሉን እንደ ክብሪት ጭረነው መጣላችን ነው። ከየት እንደ መጣ፣ ምን እንደ ተሸከመ፣ ምን እንደ ጎደለው የጠየቅን አይመስለኝም። ስለዚህ ዛሬ ግጥሞቹን ለጊዜው አቆይተን እስቲ ቃሉን ራሱን እናንብበው። ኋላ ወደ ግጥሞቹ እንመለሳለን፤ ያን ጊዜ ማን እንደሚከፋው አብረን እናያለን።

ለማነጻጸር ከሩቁ እንነሣ። እንግሊዝኛው «ፕሮቴስት» ይላል። በውይይት ላይ አንድ የክፍል ጓደኛችን «‹ፕሮ› ማለት ደጋፊ ማለት አይደለም ወይ? ታዲያ የተቃዋሚ ቃል እንዴት በድጋፍ ይጀምራል?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ብዙዎቻችን ሳቅን፤ ነገር ግን ጥያቄው የዋዛ አይደለም። መልሱ ያለው ላቲን ውስጥ ነው። እዚህ ላይ «ፕሮ» ማለት «ለእገሌ» ማለት ሳይሆን «ወደ ፊት፣ በግልጽ፣ በአደባባይ» ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው «ቴስታሪ» ደግሞ መመስከር ወይም ምስክር መጥራት ነው፤ «ቴስቲስ» ምስክር ነውና። እንግዲህ ሁለቱ ሲጋጠሙ «ፕሮቴስታሪ» የሚለው ግስ «በአደባባይ ወጥቶ መመስከር» የሚል ትርጉም ይወጣዋል። ልብ በሉ! በቃሉ አጥንት ውስጥ እምቢታ የለም፤ ጥላቻ የለም፤ ጠላትም የለም። ያለው ምስክርነት ብቻ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ አያበቃም። «ቴስቲስ» የሚለውን ቃል ራሱን የሥርወ ቃል አጥኚዎች ወደ ኋላ ሲፈትሹት ብዙዎቹ «ሦስተኛ ሆኖ የቆመ» የሚል ጥንታዊ ስሜት ያገኙበታል፤ «ሦስት» እና «መቆም» ተጋጥመው የወለዱት ቃል ነው ይላሉ። ሁለት ሰዎች ይጣላሉ፤ አጠገባቸው ሦስተኛ ሰው ቆሟል፤ እርሱ አይቷል፤ ምስክር ማለት እርሱ ነው። ከዚሁ ግንድ የበቀሉትን ዘመዶቹንም ተመልከቱ። «ቴስታመንት» ኑዛዜና ኪዳን ነው፤ ምስክር ይፈልጋል። ዛሬ ለውድድር የምንሰማው «ኮንቴስት» በሮማውያን ሕግ ተሟጋቾች ምስክሮቻቸውን ጠርተው ሙግት የሚከፍቱበት ቃል ነበር። ለመጸየፍ የሚነገረው «ዲቴስት» እንኳ መነሻው አምላክን ምስክር ጠርቶ መራገም ነው። ሁሉም ቤት ውስጥ ያ ሦስተኛ ሰው ተቀምጧል።

ቃሉ እንግሊዝ አገር ከገባ በኋላም ረዥም ዘመን ያገለገለው በዚህ በጥንቱ ስሜት ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጄፍሪ ቾሰር በጻፈው የካንተርበሪ ተረቶች ውስጥ ወፍጮ ቤተኛው ተረቱን ከመጀመሩ በፊት «ፕሮቴስታሲዮን» ያደርጋል። ምንድን ነው የሚቃወመው? ምንም! መስከሩን በሰው ፊት ያስታውቃል፤ አንደበቴ ቢስት ጥፋቱ የጠላው ነው እንዲባልልኝ ዕወቁልኝ ማለቱ ነው። ወደ 1600 እ.ኤ.አ. ግድም በተጻፈው «ሐምሌት» ውስጥም፣ በተውኔቱ ውስጥ ያለውን ተውኔት ሲመለከቱ ንግሥት ገርትሩድ ስለ ተዋናይቱ ንግሥት የምትሰጠው ዝነኛ አስተያየት አለ፤ በዚያም ውስጥ ይኸው ግስ ይገኛል። ተዋናይቱ ባሌ ቢሞት ሌላ አላገባም እያለች ስትምል ስትገዘት ነው ገርትሩድ «በዛ!» የምትላት። ዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ራሱ ነገሩን «አብዝታ ካደች» ወይም «አብዝታ ተቃወመች» ብሎ ይጠቅሰዋል፤ የሼክስፒር ሰው ግን «አብዝታ ማለች» ነው ያለችው። እኛ ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ሐምሌት»ን በአማርኛ ያነበበልን ሕዝብ ነንና ነገሩ ይመለከተናል። በእንደዚህ ያለ ቦታ ላይ የሚደርስ ተርጓሚ የዘመኑን መዝገበ ቃላት አምኖ «ተቃወመች» ቢል ሴትዮዋን ጨርሶ ሌላ ሰው ያደርጋታል። መሐላን ወደ እምቢታ መለወጥ ትንሽ ስሕተት አይደለም።

በሕግና በንግድ ዓለም ደግሞ ቃሉ ጥንታዊ ልብሱን እስካሁን አላወለቀም። የሐዋላ ወረቀት ቀኑ ደርሶ ከፋዩ አልከፍልም ሲል፣ ወረቀቱ ቀርቦ እንዳልተከፈለ በሕግ ሥልጣን የተሰጠው ሰው በጽሑፍ የሚያረጋግጠው ማስታወቂያ «ፕሮቴስት» ይባላል። የመርከብ አለቃ ማዕበል መትቶት ወደብ ሲደርስ፣ በዕቃው ላይ የደረሰው ጉዳት በእርሱ ጥፋት እንዳልሆነ በመሐላ የሚያስመዘግበው ቃልም «ፕሮቴስት» ነው። በእንግሊዝ የላይኛው ምክር ቤት በድምፅ የተሸነፈ አባል ምክንያቱን ጽፎ በምክር ቤቱ መዝገብ ሲያሰፍር እንዲሁ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1529 በጀርመን አገር በሽፓየር ከተማ በተደረገው ጉባኤ ጥቂት መሳፍንትና 14 ነፃ ከተሞች ያደረጉትም ይህንኑ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት የተፈቀደው የሃይማኖት ነፃነት በብዙኃኑ ድምፅ ሲሻር፣ በኅሊና ጉዳይ የብዙዎች ድምፅ አያስገድደንም የሚል የጽሑፍ ምስክርነት አቀረቡ። «ፕሮቴስታንት» የሚለው ስም የወጣው ከዚያች ወረቀት ነው። ወደ አማርኛ ቃል በቃል ብንመልሰው «ዐመፀኛ» ሳይሆን «መስካሪ» ይሆናል።

እንግዲህ እምቢታው በኋላ የመጣ ትርጉም ነው። ሰው በአደባባይ የሚመሰክረው አብዛኛውን ጊዜ የተበደለ ሲሆን ነውና ምስክርነቱ ቀስ በቀስ ወደ ወቀሳ፣ ወቀሳውም ወደ እምቢታ ዞረ። ጎዳና ላይ ወጥቶ መፈክር ማሰማት በዚህ ስም መጠራቱ ደግሞ የ20ኛው መቶ ዘመን ነገር ነው። ቤቱ ተለውጧል፤ መሠረቱ ግን ምስክር ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። «ተቃውሞ» የግዕዝ ልጅ ነው። አባቱ «ቆመ» ነው። «አቋም»፣ «ቋሚ»፣ «መቋሚያ»፣ «ተቋም» ሁሉም ወንድማማቾች ናቸው። «ተቃወመ» ደግሞ የሰዋስው መምህራን ተደራራጊ በሚሉት አምድ የተሠራ ነው፤ ልክ እንደ «ተጋደለ»፣ እንደ «ተካሰሰ»፣ እንደ «ተሟገተ»። ይኸውም አንዱ በአንዱ አንጻር ቆመ፣ ፊት ለፊት ተፋጠጠ ማለት ነው። ቁጠሩት እንግዲህ። እኔ ቆምኩ፤ አንተ ቆምክ፤ ሁለት ሆንን። ሦስተኛ የለም። ላቲኑም መቆምን ያውቃል፤ አማርኛውም መቆምን ያውቃል። ልዩነቱ ላቲኑ ከጠበኞቹ አጠገብ ሦስተኛውን ሰው ሲያቆም፣ የእኛው ቃል ሁለቱን ብቻ አፋጥጦ መተዉ ነው። እኔ ይህን ሳገኝ ከመዝገበ ቃላቱ ላይ ቀና ብዬ መጽሔታችንን አሰብኩ። የግጥሞቻችን ሕመም እኮ በቃሉ ላይ ተጽፎ ኖሯል!

ጎረቤቱን «ሰልፍ»ንም እንየው። «ሰላማዊ ሰልፍ» እንላለን። «ሰልፍ» ግን በጥንቱ አማርኛ የጦርነት ቃል ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱሱ አማርኛ ውጊያው ራሱ ሰልፍ ይባላል። እንግዲህ «ሰላማዊ ሰልፍ» ማለት ሥሩን ብንቆፍረው «ሰላማዊ ጦርነት» እንደ ማለት ነው። የ1957ቱ የ«መሬት ላራሹ» ተማሪዎች የወጡት በዚህ ስም ነው፤ ከዚያም ወዲህ የወጡ ሁሉ እንዲሁ። ስለዚህ ከሁለቱ ታላላቅ የእምቢታ ቃሎቻችን አንዱ የተፋጠጡ ሁለት ሰዎች፣ ሌላው የተሰለፈ ጦር ናቸው። ሁለቱም የወታደር ቃሎች ናቸው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ከወታደሩ ማዶ ደግሞ ሌላ ቤተሰብ አለ፤ የደጅ ጠኚው ቤተሰብ። አለቃው «አቤቱታ» ነው። «አቤቱ» ብሎ ጌታን መጥራት ነው፤ ከጥሪው ላይ «ታ» ስትጨመርበት ስም ይሆናል። «እግዚኦ» ከማለት «እግዚኦታ» እንደሚወጣ ማለት ነው። ይህች «ታ» በጣም ትገርመኛለች። ሰዎች ምን ይሉኝ ይሆን ከማለት «ይሉኝታ»ን የሠራችልን እርሷው ናት። እነዚህን ሁለት ቃሎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንዱ አፍን ያስከፍታል፤ አንዱ አፍን ይዘጋል። ሁለቱም የሚያስቡት የሚሰማውን ሰው ነው። አቤት ባይ «ስማኝ» ይላል፤ ይሉኝታ ያለበት «እንዳይሰሙኝ» ይላል። ስንቱ ኢትዮጵያዊ በነዚህ በሁለቱ «ታ»ዎች መካከል ዕድሜውን ጨርሷል!

«ቅሬታ»ም አለ። የማርክ ጉዳይ ሲነሣ ሁላችንም የምናውቀው ቃል ነው። ሥሩ «ቀረ» ነው፤ ጥንት ትራፊን፣ ከጥፋት የቀረውን ወገን ይጠራበት ነበር። ዛሬ ከተናገርን በኋላ በልባችን የሚቀረውን ነገር እንጠራበታለን። መሥሪያ ቤቶች «ቅሬታ ሰሚ» የሚል ሰሌዳ ይለጥፋሉ። ሰሌዳው ቢያንስ አንድ ነገር ያውቃል፤ ቅሬታ ያለ ሰሚ ትራፊ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሒሳቡን እንዝጋ። «ተቃውሞ» ፊት ለፊት ያፋጥጣል። «አቤቱታ» ከታች ወደ ላይ ያንጋጥጣል። በመካከል፣ ቀና ብሎ ቆሞ፣ ማንንም ሳይለምንና ማንንም ሳይገፋ፣ «ያየሁት ይህ ነው፤ ዕወቁልኝ» የሚል ሰው በቃሎቻችን ውስጥ የት አለ?

አለ። አለ እንጂ! ረስተነው ነው። የድሮውን ሙግት አስታውሱ። በልሃ ልበልሃ ሲባል ሁለቱ ተሟጋቾች ቆመው፣ ሸማቸውን አጣፍተው፣ ነገራቸውን በምት እየጣሉ ይከራከራሉ። ነገር ግን ሁለቱ ብቻቸውን አይደሉም። ዳኛ አለ፤ እማኝ አለ፤ ዙሪያውን የሚያዳምጥ ሕዝብ አለ። መንገድ ላይ የተጣሉ ሁለት ሰዎች እንኳ አላፊ አግዳሚውን አስቁመው «ፍረደን» ሊሉት ይችሉ ነበር፤ ያም ሰው የራሱን መንገድ ትቶ ይቀመጥላቸዋል። አንዱ ጉልበተኛ ቢያይል ሌላው «በሕግ አምላክ!» ይላል። ይህን ቃል አስቡት። ጠላቱን አይሰድብም፤ አይለምነውምም። ሦስተኛውን ይጠራል፤ የሕግን አምላክ ያቆመዋል። ያ ጉልበተኛ ባለበት ቀጥ ይል ነበር ይባላል፤ ማንም ሳይይዘው። ቃሉ ዛሬም በየሰፈሩ አለ፤ ኃይሉ ምን ያህል እንደ ቀረ እናንተው ታውቃላችሁ።

«እማኝ» ያልነውም ቃል ከ«አመነ» የወጣ ነው፤ የሚታመን ሰው ማለት ነው። ግዕዙ ደግሞ ለምስክርነት «ስምዕ» ይላል፤ «ሰማ» ከሚለው ግስ ነው። ከዚሁ ሥር «ሰማዕት» ይወጣል። የግሪኩ «ማርቲስ»ም መጀመሪያ ትርጉሙ ምስክር ነበር። ስለ ቃሉ የተገደለውን ሰው ጥንታውያኑ «ተቃዋሚ» አላሉትም፤ «ምስክር» አሉት። ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ የቆመውን ሐውልት ስንቶቻችን በቀን ሁለት ጊዜ እናልፈዋለን? የሰማዕታት ሐውልት ነው ስሙ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የተጨፈጨፈው ሕዝብ ብዙው በእጁ ምንም አልነበረውም፤ ማንንም ሊቃወም ዕድል አላገኘም። ያም ሆኖ ምስክር ተባለ። ሞቱ ራሱ ቃል ሆነ ማለት ነው። ሰሚው ግን እኛ ነን፤ ካልሰማን ስሙ ባዶ ድንጋይ ነው።

የቃሉን ሁለት ፊት በአንድ ሰው ላይ ለማየት የሚሻ የጄኔቫውን ንግግር ያንብብ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው በአማርኛ ተናገሩ። የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት ሊያስቆሟቸው ሞከሩ፤ ከአዳራሹ እስኪወጡም ድረስ ጠበቁ። ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ዘመነ መንግሥት የምናስበው ሌላ ጉዳይ ነው፤ የ1957ቱ ሰልፈኞችም ድምፃቸውን ያሰሙት በእርሳቸው መንግሥት ላይ ነበር። እኔ እዚህ የማየው ቃሉን ነው። በአገራቸው ሕዝቡ ከመኪናቸው ፊት እየወደቀ «አቤት» የሚላቸው፣ በዙፋን ችሎት ተቀምጠው አቤቱታ የሚሰሙት ሰው፣ ያን ዕለት ራሳቸው አቤት ባይ ሆነው ቆሙ። ዳኛው አቤት ባይ ሲሆን እንዴት ይናገራል? ያለቀሱ አይመስላችሁ። ቈጠሩ። አውሮፕላኖቹ ላይ የመርዝ መርጫ እንደ ተገጠመ፣ በዘጠኝ፣ በዐሥራ አምስት፣ በዐሥራ ስምንት ሆነው እየተከታተሉ እንደ በረሩ፣ የሚረጩት መርዝ እንደ ጭጋግ ተያይዞ ሰውን፣ ከብትን፣ ወንዝን፣ ሣርን እንዴት እንደ ሸፈነ ተናገሩ። ስድብ ቢፈልጉ ኖሮ ይጠፋቸው ነበር? ቍጥር መረጡ። ሦስተኛው ወገን የተባለው ማኅበር ምን አደረገ? ብዙም ሳይቆይ በኢጣሊያ ላይ የነበረውን ማዕቀብ አነሣ። ዳኛው አፈረ እንጂ ምስክርነቱ አላፈረም። ማኅበሩ ዛሬ የለም፤ ያ የአውሮፕላን ቍጥር ግን አለ።

በልብ ወለዳችንም ይኸው ነው። በ1958 ዓ.ም. በታተመው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ሁለት ዐይነት እምቢታ አለ። አንዱ የአበጀ በለው ነው፤ ባላገሩን አስከትሎ ፊታውራሪ መሸሻን በጦር የገጠመው። ያ በእውነተኛ ትርጉሙ ተቃውሞ ነው፤ ሰው በሰው አንጻር ቆሟል። ሌላው የካሣ ዳምጤ ነው፤ ሰው ሁሉ «ጉዱ ካሣ» የሚለው። ጉዱ ካሣ ጦር የለውም። ባላባት ዘመድ ስለሆነ ውስጡን ያውቃል፤ ሕይወቱን ለይቶ ስለ ኖረ ውጭውን ያያል። ሦስተኛ ሆኖ የቆመው እርሱ ነው። ስለዚህም እብድ ተባለ። አበጀ በለው በየትኛውም አገር ጀብዱ ውስጥ ልናገኘው የምንችል ጀግና ነው። ጉዱ ካሣን ግን የትም አናገኘውም። መጽሐፉን ከዘጋን በኋላ ከፊታችን የማይጠፋው ለምን እርሱ ሆነ? ስላየ ነው፤ ያየውንም ስለ ተናገረ።

በዓሉ ግርማንም ተመልከቱ። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጣ። ስለ ቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው፤ ባለ ታሪኩ ጸጋዬ ኃይለ ማርያም ጋዜጠኛ ነው፤ ሥራው ማየትና ማውራት ነው። መጽሐፉ የመፈክር መጽሐፍ አይደለም። ሰዎቹ ይጠጣሉ፣ ይፈራሉ፣ ይዋደዳሉ፣ ይዋሻሉ፣ ይሞታሉ። ይህን ማሳየቱ ብቻ በቃ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ወጣ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። በግልጽ የተሳደቡ ወረቀቶች በዚያ ዘመን ስንት ነበሩ! እነርሱ ተረሱ። ባለ ሥልጣኖቹ ያልቻሉት ስድቡን አይደለም፤ ምስክሩን ነው። እኔ ከዚህ የበለጠ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት አላውቅም፤ ዋጋውንም እያሰብኩ ነው የምናገረው።

ይህን ሐሳብ በውይይት ክበባችን ሳነሣ ሁለት መልስ ገጠመኝ። ሁለቱም ክብደት አላቸው።

የመጀመሪያው «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ የእኛ ሰው የሚናገረው በሰምና ወርቅ ነው፤ በአደባባይ መመስከር ልማዳችን አይደለም» የሚል ነው። ሰምና ወርቅን የሚንቅ ምላሱ ይድረቅ! ነገር ግን ቅኔው ራሱ ሰሚ ፈልጎ የተሠራ ነው። ሰሙን ለጌታው፣ ወርቁን ለሚያውቅበት ነው የሚሰጠው። ያ ወርቁን ፈልቅቆ የሚስቅ አድማጭ ማን ነው? ሦስተኛው ሰው ነዋ! ባለ ቅኔው ሦስተኛውን ሰው ጥሎ አልሄደም፤ ደብቆ አስቀመጠው እንጂ። እኛ ነን ጨርሶ የጣልነው።

ሁለተኛው መልስ ይከብዳል። «ምስክር ማለት ዳር ቆሞ ተመልካች ነው። ሰው ሲበደል ዳር መቆም ፈሪነት ነው። ሦስተኛ አትሁን፤ ወገን ሁን!» አለችኝ አንዲት ጓደኛችን፤ ዐይኔን እያየች። እውነት አላት። ዝም ያለ ሦስተኛ ከበዳዩ ይቆጠራል። እኔ ግን የምለው ስለ ዝምተኛው አይደለም። የመንገዱ ዳኛ መንገዱን ትቶ ነበር የሚቀመጠው። ምስክር ቃሉን ሲሰጥ ይምላል፤ ሲምል ራሱን መያዣ ያደርጋል። የመርከቡ አለቃ ሐሰት ቢገኝበት ይጠየቃል። የሽፓየሮቹ ስማቸውን ፈርመዋል። ተመልካችና ምስክር አንድ አይደሉም፤ በመካከላቸው አፍ አለ። ወገን መሆን መልካም ነው፤ ነገር ግን ለወገኑ ያላየውን የሚናገር ሰው ወገኑን ይጎዳል። ነገ ዳኛ ፊት ሲቀርብ «የት ነበርክ?» ሲባል መልስ የለውምና።

አሁን ወደ ግጥሞቻችን። ስም አልጠራም፤ ሁላችንም ራሳችንን እናውቃለን። አብዛኛው የተቃውሞ ግጥማችን «እኔ» እና «አንተ» ብቻ ያሉበት ነው። «አንተ» ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ አንዳንዴ ጅብ፣ አንዳንዴ ጨለማ፣ አንዳንዴ ግድግዳ ነው። «እኔ»ም ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ሁልጊዜ እሳት ነው፣ ጎርፍ ነው፣ ነብር ነው። በሁለቱ መካከል የተደረገው ነገር ግን የለም። ማን ተራበ? ምን በላ? ስንት ቀን? ዳቦው ስንት ነበር፣ ስንት ሆነ? ዘበኛው ምን ብሎ መለሰው? እናትየዋ የትኛውን ዕቃ ሸጠች? ይህ የለም። ጅብና ነብር ሲፋጠጡ አንባቢው ምን ያድርግ? የቆመበት ቦታ አልተሰጠውም። ምስክር ሆኖ አልተጠራም። ያጨበጭባል፣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል፤ አለቀ።

እምቢ የሚል ግጥም ሲደርሰን፣ ከመታተሙ በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቀው እላለሁ፦ «ግጥሙ ውስጥ ሌላ ሰው ሊያረጋግጠው የሚችል አንድ ነገር አለ ወይ?» አንድ ስፍራ፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ዋጋ፣ አንድ ሰው የተናገረው ተራ ቃል። ከሌለ ግጥሙ መሐላ የሌለው ቃል ነው። ይህን የምለው ግጥም የዜና ወረቀት ይሁን ብዬ አይደለም። ምሳሌም ይኑር፤ ዜማም ይኑር፤ ቍጣም ይኑር። ቍጣ የሚያምረው ግን ያየውን ሲናገር ነው። ባየው ነገር ያልታሰረ ቍጣ በሌላ ሰው አፍም ያው ነው፤ ዛሬ እኔ የጻፍኩትን መፈክር ነገ የምቃወመው ሰው ቃሉን ሳይለውጥ ሊያነበው ይችላል። እንዲያውም በአገራችን ታሪክ ውስጥ ይህ ሆኖ ታይቷል። መፈክር ጌታ ይለውጣል። ምስክርነት ግን ጌታ አይለውጥም፤ በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ስፍራ ላይ ተቸንክሮ ይቀራል።

«ተቃውሞ» የሚለውን ቃል እንጣለው አልልም። ጥሩ ቃል ነው፤ መቆምን ይዟል፤ መቆም ደግሞ ቀላል አይደለም። ቃልን በዐዋጅ መለወጥም የመጽሔት ሥራ አይደለም። የምለው ሁለት ሆነን ከምንፋጠጥበት ቦታ ለሦስተኛው ሰው እርምጃ ያህል እንልቀቅለት ነው። እርሱ አንባቢው ነው። ያልነበረበትን ነገር እኛ አይተን ልናሳየው፣ ኋላም ሲጠየቅ «አዎን፣ ሰምቻለሁ» እንዲል ነው የጠራነው።

ለሚቀጥለው ዕትም ግጥም የምትሰጡ ሁሉ እንግዲህ አደራ! ቃለ አጋኖውን ለስቴንስሉ ብላችሁ ቀንሱ፤ መርፌው ወረቀቱን እየበሳው ነው። በእርሱ ፈንታ ያያችሁትን ጻፉ።